ጣሪያ ላይ ያለው ባሕር

ቀስ ብለው ይውረዱ ጋሼ፣ ሦስተኛዋ ደረጃ ትነቃነቃለች። አዎ፣ እሷ ናት። እኔና እሷማ ተላምደናል፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጀሪካን አንጠልጥዬ ስመላለስባት ከርሜ አሁን ስረግጣት ሰላም የምትለኝ ይመስለኛል።

ይቀመጡ። እዚህ፣ ከስፌት መኪናዬ ማዶ። ጨርቁን ገፋ ያድርጉት፣ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፣ ቢጨማደድም ይተኮሳል። እጅዎን በዚህ ባልዲ ይታጠቡ፤ አሁን ከግቢው ቧንቧ የቀዳሁት ነው፣ ንጹሕ ነው። ቤተሰብ እንዴት ነው? ትልቋ ልጅዎ አራስ ናት ሲሉ ሰማሁ። እሰይ። ወንድ ነው ሴት? ሴት… ጎሽ። ሴት ልጅ ደግ ናት። ወንድም ደግ ነው፣ አይደለም አልልም፤ ብቻ ሴት ባልዲ ማንሳት ታውቃለች።

ጸሐዩ አልበረታብዎትም ላይ? ቀኑ ደህና ነው የዋለው። እኔ ከታች ሆኜ ሲያንኳኩ ስሰማ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የዚህን ቤት ቧንቧ የዘረጉት እርስዎ አይደሉ? አባቴ ግቢው ውስጥ አንጋጦ ቆሞ፣ እርስዎ ከላይ ሆነው "አቀብሉኝ" ሲሉ። ያኔ እርስዎም ገና ልጅ እግር ነበሩ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሁለት ነው የወለደችው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ሌላውን አላነሳም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ብሎ ማለፉ ይሻላል።

ጮክ ብዬ ተናገርኩ እንዴ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሠላሳ ዓመት ከዚህ መኪና ጋር ስውል ጆሮዬ ደነዘዘ መሰለኝ። ከጀርባዎ ያለው በር ደግሞ እንጨቱ ስስ ነው፣ ሁሉን ያሳልፋል። ግን አያስቡ። ውስጥ ያለው ሰው ሥራ ላይ ነው። የቧንቧና የባልዲ ወሬ እሱ ዘንድ አይደርስም። ጥልቅ ሰው ነው፣ ጥልቅ… ከላይ ከላይ ያለው ነገር አይነካውም።

እስቲ ያንን በጨርቅ የጠቀለሉትን ያሳዩኝ። ውይ። ይህች ናት ዘጠኝ ቀን ያስጠማችን?

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ እርስዎ ግን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አወጡ። ቆርቆሮ ናት። ሆዷ ቀይ፣ ጀርባዋ ግራጫ፣ በጎኗ የምትጠመዘዝ ቁልፍ አላት። ይህች ከላይ የቆመችው ምንድን ናት… አዎ፣ መመልከቻዋ፣ ተጣማለች እንጂ። ስንዝር እንኳ አትሞላም። የጣሪያው ውሃ ታንከር መውጫ ላይ አፍንጫዋን ሰክታ ቁጭ ብላ አገኘኋት ነው የሚሉኝ? አዩ፣ ትንሽ ነገር ቦታ ከያዘች ስንቱን ታንበረክካለች።

እንዴት ገባች? እኔስ እርስዎን ልጠይቅ ነበር። ዝናብ ይሆን ያመጣት? ዝናብ ደግሞ ከዘነበ ስንት ጊዜው። ወፍ ጥላት ይሆናል። ክዳኑ ላይ ያን የሚያክል ድንጋይ ተጭኗል። ድንጋዩን አንስታ፣ ክዳኑን ከፍታ፣ መርከቧን አስገብታ፣ ክዳኑን መልሳ ገጥማ፣ ድንጋዩን በቦታው የምታስቀምጥ ወፍ… ጨዋ ወፍ ናት። ያሳደጋት ሰው ይባረክ።

ይህ ክርስ? ጭራዋ ላይ የታሰረው። አረንጓዴ ነው፣ ጠንካራ፣ ለዩኒፎርም ኪስ የሚሆን ዓይነት። የሚገርም ነው፣ እኔም እንዲህ ያለ ክር ነበረኝ። ከነጥቅሉ ከመሳቢያዬ ጠፍቶ ድመቷን ስጠረጥር ከረምኩ። ከቤት ሁሉ አባርሬያታለሁ። ይቅር ትበለኝ፣ ድመት መርከብ እንደማታስር አላወቅሁም።

ይገልብጧት እስቲ። ከሥሯ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባታል፣ ሰማንያ ሦስት። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው። ባለቤቷ ማን እንደሆኑ አላውቅም፣ ግን ትልቅ ሰው መሆን አለባቸው። ሰማንያ ሁለቱ የት እንደተደረደሩ የሚያውቅ ቢኖር እሳቸውም ይገኙ ነበር። እኔ ግን ስም አልጠራም ጋሼ፣ ያውቁኛል።

ወሬ እንቀይር።

እዚህ ቤት ስለሚኖር አንድ ሰው ላጫውትዎ። ከዚህች መርከብ ጋር አይገናኝም፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው አይተው አያውቁም። አይጠጣ፣ አያጨስ፣ አያመሽ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እስከዛሬ ከሰው ተጣልቶ አያውቅም። ለመጣላትም እኮ መገናኘት ያስፈልጋል። መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው፤ መሥሪያ ቤቱ ሲታጠፍ እዚህ መጣና ራሱን ለባሕር ሰጠ። ባሕር አይቶ ያውቃል ወይ? እንዴት ያለ ጥያቄ ነው። ባሕር ለማወቅ ባሕር ማየት ያስፈልጋል እንዴ? እናት ለማወቅስ እናትን ማየት… ኧረ ተዉኝ፣ ምን አስለፈለፈኝ።

አሁን መቶ አርባ ሰርጓጅ መርከብና ስልሳ ስንት ጠላቂ አለው። የብረት ጠላቂ፣ የቆርቆሮ ጠላቂ፣ የላስቲክ ጠላቂ። የናስ ቆብ የደፋ፣ ከባድ ጫማ የተጫማ፣ ከአናቱ የአየር ቱቦ የወጣለት። አንዱ ጠርሙስ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ቡሹን በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰምጣል፣ ሲለቁት ይወጣል። በአንድ ጣት የሚታዘዝ ቤተሰብ… ማን ይጠላል? አንዳንዶቹ መርከቦች ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ ቤኪንግ ፓውደር ሲደረግ አረፋ እየተፉ ወርደው መልሰው ይወጣሉ። እኔ ሞኟ ኬኬ ለምን አይነፋም እያልኩ ምድጃውን ስወቅስ ኖሬአለሁ። ቤኪንግ ፓውደሩ ለካ ባሕር ኃይል ተቀጥሮ ነው።

ማንም አይነካቸውም። እሱ ራሱ ነው የሚያጸዳቸው፣ አንድ በአንድ፣ የቆባቸውን መስታወት ሳይቀር። ይሰማዎታል ያ ሽክ ሽክ የሚለው? የጥርስ ብሩሽ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ነበር… አሁን ቆመ። ደከመው መሰለኝ፣ አይፈረድበትም።

ዕውቀቱን ቢያዩ ደግሞ ይገረማሉ። ስንት ሜትር ላይ የሰው ጆሮ እንደሚደፈን ያውቃል። አንድ ጠላቂ በአንድ ትንፋሽ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ያውቃል። አንዲት አሮጊት ላይኛው ፎቅ ላይ ውሃ ሳታገኝ ስንት ቀን እንደምትቆይ ግን መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም መሰለኝ። ቢጻፍ ያነበው ነበር፣ ማንበብ ይወዳል።

አንድ ጊዜ እንደሱው የሚሰበስቡ ሁለት ሰዎች ሊጎበኙት መጡ። እኔ ሻይ አቀረብኩ። ከላይ እማዬን ሳል ያዛት። አንደኛው እንግዳ አንጋጠጠና "ላይ ማን አለ?" አለ። የእኛ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ቧንቧው ነው" አለ። እኔም ትሪውን ይዤ ቆሜ "አዎ፣ ቧንቧው ነው፣ የድሮ ነው" አልኩ። የቤት ገመና አይወጣማ። እርስዎ የዘረጉት ቧንቧ ይስላል እንዴ ጋሼ? ያን ጊዜ ልጠራዎት አስቤ ነበር።

ከዚህ በር ወዲያ ያለችውን ክፍል ያስታውሷታል? እንዴት ይረሷታል። አባቴ "ስናረጅ ደረጃ አንወጣም፣ ለዚህች ብቻ ውሃዋን ከመንገዱ በቀጥታ አስገባልኝ" ብሎ ያሠራዎት ናት፤ ከታንከሩ ጋር አትገናኝም። የእማዬ ክፍል። በሯ ወደ ግቢ፣ ደጃፏ ላይ የድንጋይ መቀመጫ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ "እንዴት አደሩ እትዬ" እያለ የሚያልፍባት። ከሦስት ዓመት በፊት "ለአንድ ወር ብቻ" ተባለ። ላይኛው ፎቅ ጸሐይ ይበዛበታል፣ ጸሐይ ደግሞ የመርከብ ቀለም ያነጣል። አሮጊት ምን ቀለም አላት? እማዬ ለጊዜው ወደ ላይ ወጣች። ያ ወር ረጅም ወር ነው ጋሼ፣ እስከዛሬ አላለቀም።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ነው የወረደችው። አራቱንም በወንበር ተሸክመናት፣ አራቱንም ለሐኪም። ደረጃው ሃያ ሁለት ነው። ባለፈው ወር እግሯን ሳሻት "ከመሞቴ በፊት ደጄ ላይ አንድ ቀን ልቀመጥ" አለችኝ። ለእኔ ነው እንግዲህ የምትለው። ለእሱ አትልም፣ ሥራ እንዳታስፈታው ትፈራለች።

ወደ ውሃው ልመለስ። የተማረ ይግደለኝ ይላል ሰው። እኛ ቤት የተማረ አለ፣ ተመስገን። ውሃው በጠፋ በአራተኛው ቀን እዚሁ ደረጃ ሥር አስቁሞ ስለ ውሃ ግፊት አስተማረኝ። በግራ እጄ ጀሪካን፣ በቀኝ እጄ ጀሪካን፣ ቆሜ ተማርኩ። "ችግሩ ከዋናው መስመር ነው" አለኝ። በስድስተኛው ቀን ለውሃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ጻፈ። የእጅ ጽሕፈቱ ሲያምር። "በአረጋዊት እናታችን ላይ የደረሰው እንግልት" የሚል አለበት። ላይ ወጥቶ አነበበላት፣ እሷም አለቀሰች። ለደብዳቤ ሲሆን ደረጃው አይከብድም።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ እኔ እዚህ በር ላይ የማይባል ነገር ተናገርኩት። ምስኪን፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ያላወቀ ይሳሳታል። እያወቀ ዘጠኝ ቀን ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚባል ግን… እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይንገሩኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ለዚህ ይሆን?

ትሕትናውን ደግሞ አልነገርኩዎትም። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያሳልፈኛል። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ "አይዞሽ" ይለኛል። "ውሃ መጣ?" ብሎ በየቀኑ የሚጠይቅም እሱ ብቻ ነበር። ከክፍሉ ግን ዘጠኙንም ቀን ቧንቧ ሲንፎለፎል እሰማ ነበር። ጠላቂዎቹ ይታጠባሉ። አንድ ቀን "ከዚህ ልቅዳ፣ የግቢው ሩቅ ነው" ብዬ ባንኳኳ፣ "ወለሉ ይረጥባል" ተባልኩ። ባሕርና በረሃ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚኖሩ ያየሁት እዚህ ቤት ነው። ሌላው ሰው ከራስ በላይ ነፋስ ይላል፤ የእኛ ሰው እንኳ እንደዚያ አይልም፣ ከራሱ በላይ ታንከር እንዳለ ያውቃል።

እጄን ይዩት። መርፌ የሚይዝ እጅ ነበር። ተናድጃለሁ ጋሼ፣ ይህን አልደብቅም። በማን እንደሆነ ግን አልናገርም።

አንድ ነገር ልንገርዎና ይሳቁ። የእማዬ አልጋ ልክ ከታንከሩ ሥር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጣሪያው ላይ ኮቴ ትሰማለች። ድንጋይ ሲነሳ፣ ክዳን ሲከፈት። "ልጄ ውሃዬን ሊያይልኝ ወጣ" ትለኛለች። "አንቺ በመኪናሽ ስትንጫጪ እሱ ለእኔ ሲል ጣሪያ ላይ ይንጠለጠላል" ትለኛለች። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ኮርኒሱ ዘርግታ ትመርቀዋለች፣ ኮቴው እስኪወርድ ድረስ። እኔም አሜን እላለሁ፣ ምን ላድርግ? ውሃው የጠፋ ዕለትም ቅዳሜ ነበር። ኮቴው ያን ቀን ቆየ። ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፣ የሆነ ነገር እንደጠፋበት ሰው። "ዛሬስ እንዴት አድርጎ ለፋልኝ" አለች እማዬ። ሁለት ጊዜ መረቀችው።

አልሳቁም።

የእማዬን እግር ካነሳን ዘንድ፣ የጡብ ፋብሪካውን ጉድጓድ ያስታውሱታል? ጭቃ ያወጡበት፣ ዝናብ የሞላው። ቤቱ ተሠርቶ ባለቀ ክረምት ነው። አንድ የስድስት ዓመት ልጅ የሳሙና ማስቀመጫ መርከቤ ነው ብሎ አንሳፈፈና ተከትሎት ገባ። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ብቻ እኔ አይደለሁም፣ እኔ ዳር ቆሜ የጮህኩት ነኝ። እማዬ ዋና አታውቅም። ዛሬም አታውቅም። ከነቀሚሷ፣ ከነጫማዋ ገባች። ቆብ የላት፣ ቱቦ የላት፣ ከላይ ሆኖ ገመድ የሚይዝላት የለ። ሁለት ጊዜ ጠፋችብኝ። በሦስተኛው ልጁ ብቅ አለ፤ እሷ ገና ውሃ ውስጥ ናት፣ እሱን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ይዛዋለች። ከሥር የተጣለ የጋሪ ብረት ዳሌዋን መትቷት ነበር። እንግዲህ ያቺ እግር ናት አሁን ሃያ ሁለቱን ደረጃ አልወርድም ያለችው።

ከስልሳ ስንቱ ጠላቂ ውስጥ አንዲት ሴት የለችም፣ ያውቃሉ? ሰው ሲጠይቀው ሰምቻለሁ። "ሴት ጠላቂ ብርቅ ናት፣ ከሩቅ አገር ሰው ጋር እየተጻጻፍኩ ነው" አለ። ይጻጻፍ። ሩቅ የሚፈልግ ሰው ቅርቡን ሲያጣ መቼም አዲስ አይደለም።

እሺ፣ ያሉኝን ልድገመው፣ በትክክል ሰምቼ እንደሆን። መርከቧ ስትነቀል መውጫው ተሰነጠቀ። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚሄደው ቧንቧ ሁሉ ይቀየራል። አንድ ሳምንት ላይ ጠብታ አይኖርም። ጮክ ብለው ይንገሩኝ፣ ይህ ጆሮዬ… አንድ ሳምንት። ሰማሁ። ሁላችንም ሰማን።

እንግዲህ ይህ ችግር ነው። የሰማንያ አራት ዓመት ሴት ውሃ በሌለበት ፎቅ አትከርምም፤ እኔም ሌላ ሳምንት ጀሪካን የምሸከምበት ወገብ የለኝም። መውረድ አለባት። ወርዳ የት ትረፍ? እዚህ ታች ውሃ ያላት ክፍል አንዲት ናት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ መልስ የለኝም። ዐዋቂ ሰው ቢኖር ይጠየቅ ነበር፣ ግፊት የሚያውቅ፣ ጥልቀት የሚያውቅ…

…

ትንሽ እንጠብቅ። ምናልባት መጽሐፍ እያገላበጠ ይሆናል።

…

ዝም ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ውሃም አይገባበትም። ሦስት ዓመት ለምኛለሁ ጋሼ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው።

እንዲህ ያድርጉልኝ እስቲ። መርከቧን እዚያ በሩ ሥር ያኑሯት፣ መሬቱ ላይ። ባለቤቷን ስለማላውቅ ነው፤ ያጣት ሰው ሲያልፍ ያገኛታል። እርስዎ ወደዚህ ፈቀቅ ይበሉ። እንዲያ። አሁን አይናገሩ።

…

አዩ? በሩ ስንዝር ያህል ተከፈተ። እጅ ወጣ። ነጭ ጓንት አጥልቋል። መርከቧን በሁለት ጣት አነሳት፣ እንዴት ቀስ አድርጎ… አስገባት። በሩ ተዘጋ፣ ቁልፉም ዞረ። እኔ ምንም አላየሁም፣ እጅ ብቻ ነው ያየሁት፣ እጅ ደግሞ ስም የለውም። "እናቴ እንዴት ናት?" የሚል ድምፅ ሰምተዋል? አልሰሙም? እኔም አልሰማሁም፣ ጆሮዬ ነው ብዬ ነበር። ይህን ግን ይስሙ፣ ቧንቧውን ከፈተ። እያጠባት ነው። እሰይ፣ ዝገት ጀምሯት ነበር።

ደህና። መልሱን አሁን አገኘሁት። እማዬን እዚሁ መተላለፊያው ላይ ነው የማሳርፋት፣ ከመኪናዬ አጠገብ። ሜትርዎን ይዘዋል? አልጋው ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ይገባል አይደል? ይገባል፤ ግን ወደ እኔ እንዳይጠጋ መኪናው አለ፣ ስለዚህ ይህን በር ተደግፎ ነው የሚያርፈው። በሩ እርስዎ ያሉ ጊዜ ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። ውስጡ መደርደሪያ ቢበዛበት አምና ራሱ ነቅሎ ወደ ውጭ አዞረው፣ የራሱ እጅ ሥራ ነው። ከክፍሏ ወደ ግቢ የሚያወጣውን በር ደግሞ ባለ መስታወት ቁምሳጥን አቁሞ ዘግቶታል፤ እንዳይነቃነቅ ከግድግዳው ጋር በብሎን አስሮታል። መስኮቱም ፍርግርግ አለው። ስለዚህ የእማዬ አልጋ ካረፈ በኋላ ይህ በር ከስንዝር በላይ አይከፈትም። ስንዝር ግን ለመርከብ እንደምትበቃ አሁን አይተናል።

አላስርበውም። ምግቡን በስንዝሯ አቀብለዋለሁ፣ ወን… ሰው ነው እንጂ። መውጣት ሲፈልግ "እማዬ፣ ተነሺልኝ" ይበላት። ትነሳለታለች። እግሯ እምቢ ቢላትም ትሞክራለች፣ ከጉድጓድ ያወጣች ሴት ከክፍል ማውጣት አያቅታትም። ወይም ደግሞ ከዚያ በፊት ብሎኑን ይፈታና ቁምሳጥኑን ከግቢው በር ላይ ያነሳል፣ እሷም ደጇን ታያለች። እኔ አላስገድድም። ከሰርጓጅ መርከብ እንዴት እንደሚወጣ ከእኔ በላይ ያውቃል።

ወንበሩን በአንድ በኩል ይይዙልኛል ጋሼ? ቀላል ናት፣ ዘንድሮማ እንደ ወረቀት ሆናለች። ቤቱ ወንድ አጥቶ አይደለም፤ ያለው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ነው። ሦስተኛዋን ደረጃ ብቻ ይጠንቀቁልኝ።

ይሰማዎታል? እየተጣራች ነው። "ልጄ ምን ሆነ፣ ምንድን ነው ቅድም ሲያንኳኩ የነበረው?" ነው የምትለው። እሷ ልጄ ስትል አንድ ሰው ብቻ ነው። እማዬ፣ ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው። እሱን እየመረቅነው ነው። አሁን መጥተን እናወርድሻለን።

አዎ፣ ከመውጣታችን በፊት ልመርቀው። ሰው ክፉ ተናገረች እንዳይለኝ።

ፈጣሪ ዕድሜ ይስጠው። ከእማዬም የበለጠ ረጅም ዕድሜ። ከፍ ያድርገው፣ ሃያ ሁለት ደረጃ ከፍ ያድርገው። ጸሐይ አያሳጣው። በእርጅናው ወራት ከአናቱ ላይ የልጅ ኮቴ አይጥፋበት። አንድ ልጅም ይስጠው፣ አንድ ይበቃዋል። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ዐዋቂ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር። እሱ ለእናቱ የሆነላትን ሁሉ፣ አንዲት ሳትጎድል፣ ቆጥሮ የሚሆንለት ልጅ ይስጠው።

አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ።

…

ሰሙ? ከላይ ነው። እማዬ ናት። ሁለት እጇን ዘርግታ ይሆናል። "አሜን፣ አሜን፣ እንደ አፍሽ ያድርግለት" አለች።